ለቀድሞው ቮልስዋገን የሚስማማውን ቸርኬና ጎማ ስለ መምረጥ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አሮጌ መኪና ያለው ሰው ወደ ጎሚስታ ወይም ወደ ጋራዥ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ጥያቄ «ይህ ጎማ ለመኪናዬ ይሆናል?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ስለ ሆነ መልሱም አጭር መስሎ ይታያል። በጎማው ጎን 15 የሚል ቁጥር ካለና ቸርኬውም ባለ 15 ኢንች ከሆነ ጎማው ይገባል፤ ነፋስ ይሞላል፤ መኪናውም ይሄዳል። ነገር ግን ቸርኬው ላይ የገባ ጎማ ሁሉ ለመኪናው የተስማማ ጎማ ነው ማለት አይደለም። ጎማው ከቸርኬው ጋር፣ ቸርኬው ከታምቡሩ ጋር፣ ሁለቱም ከመሪው፣ ከካምቢዮው፣ ከፓራፋንጎውና ከኋላው አክስል ጋር መስማማት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ጉድለቱ በጋራዡ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው በኩርባ ላይ፣ በቁልቁለት ላይ፣ ወይም ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሜትር አውጥቶ ለመለካት ፋታ የለም።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ሆኖ የተመረጠው በኢትዮጵያ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው፣ ጀርባው እንደ ጥንዚዛ የጎበጠው ቮልስዋገን ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ መኪና በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቷል። በኢትዮጵያ ታሪክም ስፍራ አለው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያስቆጠሩ ቮልሶች ሥራ ላይ ናቸው። እነዚህ መኪናዎች በሥራ ላይ የቆዩት በባለቤቶቻቸው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ አዲስ መኪና መግዛት ለብዙ ሰው የማይሞከር በመሆኑም ጭምር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ጠግኖ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መኪና ባረጀ መጠን ገበያው ይረሳዋል። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ጎማ ለኮሮላ፣ ለሚኒባስና ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። የቮልሱ ባለቤት ከሚፈልገው ይልቅ ያገኘውን ለመግዛት ይገደዳል። በዚህ ጊዜ በተገኘው ጎማና በመኪናው ባሕርይ መካከል ቆሞ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ለማለት የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ምን ይላል

የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች 5.00-16 የሚል ጎማ ነበራቸው። ይህም ስፋቱ 5 ኢንች፣ የቸርኬው ወርድ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ኢንች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1952 ፋብሪካው ወደ 5.60-15 ተሸጋገረ፤ ከዚያ ወዲህ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ የዚህ መኪና መለያ ሆኖ ቆየ። እነዚህ ጎማዎች ክሮቻቸው እርስ በርሳቸው እየተጣረሱ የተደረቡ፣ የቀድሞው አሠራር ጎማዎች ነበሩ። በኋላ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የሚያልፉበት ራዲያል ጎማ ሲስፋፋ 155 SR 15 እና 165 SR 15 የሚሉት ልኮች ተተኩ። በእነዚህ ውስጥ 155 እና 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው።

በዛሬው አጻጻፍ 195/65 R 15 91 H የሚል ጎማ ቢገኝ፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ R ራዲያል መሆኑን፣ 15 የቸርኬውን ልክ በኢንች፣ 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ሊሸከም መቻሉን፣ H ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚፈቀድለት መሆኑን ያመለክታል። እንደ 165 R 15 ባሉት ላይ የጎኑ ቁመት መቶኛ ሳይጻፍ ከቀረ ወደ 82 ያህል እንደ ሆነ ይቆጠራል። ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። «165» እና «185» የሚሉት ቁጥሮች ሲታዩ ሁለተኛው ትልቅ ጎማ መስሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን 185/65 ሲሆን በስፋት ይበልጣል እንጂ በቁመት ያንሳል።

ስለ ቁመት

የጎማ ሙሉ ቁመት የሚሰላበት መንገድ ቀላል ነው፤ ስፋቱ በመቶኛው ተባዝቶ የአንዱ ጎን ቁመት ይገኛል፤ ይህ በሁለት ተባዝቶ የቸርኬው ልክ ይደመርበታል። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የ165 R 15 ቁመት 652 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የ185/65 R 15 ደግሞ 621.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ4.6 በመቶ ያንሳል። የ195/65 R 15 ቁመት 634.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ2.6 በመቶ ያንሳል። ለሚኒባስ የሚሠራው 195 R 15 C ግን ወደ 701 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በ7.5 በመቶ ይበልጣል። አራቱም ጎማዎች ባለ 15 ኢንች ቸርኬ የሚፈልጉ ናቸው፤ ነገር ግን በመጨረሻውና በ185/65 መካከል ያለው ልዩነት ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ይህ ልዩነት በሦስት ነገሮች ላይ ይታያል። አንደኛው የፍጥነት ቆጣሪው ነው። በቮልስ የቆጣሪው ገመድ የሚነሣው ከካምቢዮው አይደለም፤ በፊት በኩል በግራው ጎማ እምብርት ውስጥ አልፎ በክዳኑ ላይ ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይያዛል። ስለዚህ ቆጣሪው የሚያውቀው የፊቱን ግራ ጎማ ብቻ ነው። በትክክለኛው ጎማ ላይ ቆጣሪው ልክ ነው ብንል፣ በፊት 185/65 የገባለት መኪና ቆጣሪው 80 ሲያሳይ በእውነቱ የሚሄደው 76 ያህል ነው፤ የሚኒባስ ጎማ የገባለት ግን 80 እያሳየ 86 ይሄዳል። ሾፌሩ ሕግ ያከበረ እየመሰለው ሕግ ይጥሳል፤ ከዚያም በላይ ፍሬን ለመያዝ የሚያስፈልገውን ርቀት አሳስቶ ይገምታል።

ሁለተኛው የሞተሩ ጉልበት ነው። ከ1960 እ.ኤ.አ. በኋላ በብዛት የተሠራው የ1200 ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣልና ከ34ቱ ፈረስ የሚቀረው ወደ 27 ይወርዳል። ከዚህ በላይ ቁመቱ በ7.5 በመቶ የበለጠ ጎማ ሲገባ ማርሾቹ ሁሉ በዚያው መጠን እንደ ረዘሙ ይቆጠራል። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ለመውጣት የሚገደደው፣ ፍሪሲዮኑም ያለ ጊዜው የሚቃጠለው፣ አንዳንድ ጊዜ ከሞተሩ ድካም ሳይሆን ከጎማው ርዝመት የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ጎማው በ30 ሚሊ ሜትር ሲያጥር መኪናው በ15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ኮብልስቶን በተነጠፈበትና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ይህ ትንሽ የማይባል ነው። በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ወሰን የአዲሱ ጎማ ቁመት ከቀድሞው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ነው፤ ለቮልስም ይኸው ወሰን ይበቃል።

ስለ ስፋት

ሰፊ ጎማ ለዓይን ያምራል፤ መንገድም ይይዛል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ የጎማ ስፋት ለብቻው የሚመረጥ ነገር አይደለም፤ የቸርኬው ስፋት ይወስነዋል። የቮልስ የፋብሪካ ቸርኬ ስፋት 4 ኢንች፣ በኋላም 4½ ኢንች ነው። ለ165 R 15 ከ4 እስከ 5½ ኢንች የሆነ ቸርኬ ይፈቀዳል፤ ስለሆነም በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ለ185/65 R 15 ግን ከ5 እስከ 6½፣ ለ195/65 R 15 ደግሞ ከ5½ እስከ 7 ኢንች ያስፈልጋል።

ሰፊው ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ በኃይል ሲቀመጥ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጠባሉ፤ የጥርሱ መሐል እንደ ከበሮ ያብጣል። ከዚህም የተነሣ መሐሉ ቀድሞ ሊሾ ይሆናል፤ ዳሮቹ ግን አዲስ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ባለቤቱ ጎማው «ገና ነው» ብሎ ያስባል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን መንገዱን የሚነካው ሊሾ የሆነው ክፍል ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው በኩርባ ላይ ጎማው በቸርኬው ላይ ወደ ጎን የሚገላበጥ መሆኑ ነው፤ መሪው ሲታዘዝ መኪናው ዘግይቶ ይታዘዛል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ጉዳት ነው።

ስለ ብሎን

የቀድሞዎቹ ቮልሶች ቸርኬ በአምስት ብሎን የሚታሰርና የቀዳዳዎቹ ክብ ወርድ 205 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በ1500 ሞዴል ላይ የፊት የዲስክ ፍሬን ሲገባ አራት ብሎን ያለው፣ ወርዱ 130 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ መጣ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። ነገር ግን እንደ ሞዴሉና እንደ ተሠራበት አገር ልዩነት ስላለ፣ የመኪናውን የሥራ ዓመት አይቶ ከመገመት ቀዳዳውን መቁጠርና መለካት ይሻላል። ባለ አራቱ ሲለካ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሐል 130 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባለ አምስቱ ትይዩ ቀዳዳ ስለሌለው ከአንዱ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ይለካል፤ ልኩ 120.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የክቡ ወርድ 205 ነው።

ከሌላ መኪና የተነሣ ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ተመሳሳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። የቀድሞው የኋላ ተሽከርካሪ ኮሮላ ወርድ 114.3፣ በኋላ የመጣው የፊት ተሽከርካሪ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ከ130 ጋር አይገናኙም። ቀዳዳውን በሞላ እየከፈቱ እንቁላል ቅርጽ ማስያዝ ወይም አዲስ ቀዳዳ መብሳት መፍትሔ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ ግን ብረቱን ከማሳሳቱም ሌላ ቸርኬው በመሐሉ ላይ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። መንቀጥቀጡ የሚሰማው በ60 ወይም በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ ቀዳዳው የሚሰነጠቀው ግን ማንም ሳያየው ነው።

የብሎኑ ራስ የሚቀመጥበት ቅርጽም መታየት አለበት። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ የሚፈልገው አንገቱ እንደ ኳስ የክብ ቅርጽ ያለው ብሎን ነው፤ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ አንገቱ እንደ ሾጣጣ የተቆረጠ ብሎን ይፈልጋሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የታሰረ ይመስላል እንጂ የሚነካካው በቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይላላል። የብሎኑ ውፍረትም በቀድሞዎቹ 12፣ በኋለኞቹ 14 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ መለየት ይገባል። ቸርኬው ወፍራም ሲሆን ብሎኑም መርዘም አለበት። ባለ 12ቱ ቢያንስ 8፣ ባለ 14ቱ ከ9 በላይ ሙሉ ዙር በእጅ ሳይታጠፍ «ታሰረ» ሊባል አይገባውም። አዲስ ቸርኬ የገባለት መኪና ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ተመልሶ ብሎኑ መፈተሽ አለበት።

ስለ ቸርኬው የመሐል ልክ

ሁለት ቸርኬዎች ወርዳቸውም ስፋታቸውም ቀዳዳቸውም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ይስማማል፤ ሌላው ፓራፋንጎ ይፈጫል። ምክንያቱ ታምቡሩ ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው መሐል ምን ያህል እንደ ራቀ የሚለያዩ መሆናቸው ነው። ይህ ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር ሲቀንስ ጎማው በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። የቸርኬው ስፋት ከ4 ወደ 5½ ኢንች ቢያድግና የመሐል ልኩ ሳይለወጥ ቢቀር፣ በውስጥም በውጭም በኩል 19 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። 19 ሚሊ ሜትር የሌለበት ቦታ ካለ፣ ጎማው የሚያገኘው ብረት ወይም የፍሬን ቱቦ ነው።

ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ በፊት በኩል መሪው ይከብዳል፤ ጉድጓድ ሲገጥመው ከእጅ ለማምለጥ ይጎትታል፤ በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎችም ያልተሠሩበትን ሸክም ይሸከማሉ። በቸርኬና በታምቡር መካከል ወፍራም ቀለበት በማስገባት «ማስፋት» የሚባለው ሥራ ይህንኑ ጉዳት ያመጣል፤ የብሎኑንም መያዣ ያሳጥራል።

ክፍተት የሚለካው መኪናው ባዶ ቆሞ ሳለ አይደለም። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተጠምዝዞ፣ አራት ሰው ተቀምጦበት፣ በሌላ ጊዜም በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ መለካት አለበት። በቀድሞው የኋላ አክስል ላይ ጎማው ሲንጠለጠል የላይኛው ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ፓራፋንጎው ከንፈር ያዘነብላል። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ አክስሉ ከታች ተደግፎ በቀላሉ የገባ ሰፊ ጎማ፣ ሌሊት በመንገድ ዳር መኪናው ከአካሉ በክሪክ ሲነሣ በፓራፋንጎው ተይዞ አልወጣ ይላል። ባለቤቱ ነፋሱን አስተንፍሶ ካላወጣው በስተቀር እስኮርታው ምንም አይጠቅመውም።

ስለ ኋላው አክስልና ስለ ነፋሱ መጠን

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ክፍል ነው። በአብዛኞቹ የቀድሞ ቮልሶች እያንዳንዱ የኋላ ሴሚያስ መታጠፊያ ያለው ከካምቢዮው ጎን በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። በዚህም ምክንያት ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ማዘንበሉም አብሮ ይለወጣል። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ የኋላው አካል ይነሣል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከመኪናው ሥር ይታጠፋል፤ መያዣውንም በድንገት ይለቃል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ አብዛኛው ክብደት ያለው በኋላ ነውና ጀርባው ሲንሸራተት የመገልበጥ አደጋ ይከተላል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ሁለት መታጠፊያ ያለው አክስል ገብቶ ይህን ባሕርይ አሻሽሎታል፤ ብዙ ቮልሶች ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ይሄዳሉ።

ፋብሪካው ይህን ባሕርይ ከተቆጣጠረባቸው መንገዶች አንዱ የነፋሱ ልዩነት ነው። ለ5.60-15 ጎማ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ፓውንድ፤ ለራዲያል ደግሞ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፓውንድ የተለመደው መጠን ነው። የፊቱ ሲላላ የፊቱ ጎማ በኩርባ ላይ ቀድሞ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩም ማስጠንቀቂያ ያገኛል። ለአራቱም ጎማ እኩል 30 ፓውንድ የሚሞላ ሰው ለመኪናው ያሰበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተሠራለትን መጠበቂያ ያነሣበታል።

ይህ ጉዳይ በቮልስ ላይ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1963 የተሠራው አሜሪካዊው ሸቭሮሌት ኮርቬር ሞተሩም ከኋላ፣ አክስሉም ከዚሁ ጋር ተመሳሳይ ነበር፤ የነፋሱም መመሪያ ከፊት 15፣ ከኋላ 26 ፓውንድ ነበር። ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ የመኪና ደኅንነት ተራው ባለቤትና ተራው የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ በማያውቁት የነፋስ ልዩነት ላይ እንዲንጠለጠል መደረጉን አጥብቀው ነቅፈዋል። በ1972 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ጥናት በበኩሉ መኪናው ከዘመኑ አቻዎች የባሰ አይደለም ሲል ደምድሟል። ክርክሩ የትም ቢቆም ለባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው፤ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የጎማና የነፋስ ምርጫ የመሪ ምርጫ ነው። ሰፊና አጥብቆ የሚይዝ ጎማ በኋላ ሲገባ በኩርባ ላይ አካሉን የሚያነሣው ኃይል እንደሚጨምርም መዘንጋት የለበትም፤ መያዙ ራሱ አደጋውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲመጣም በበለጠ ፍጥነት ላይ ይመጣል።

በዚህ ላይ ራዲያልና የቀድሞው አሠራር ጎማ በአንድ አክስል ላይ በፍጹም መደባለቅ የለባቸውም። ሁለት ራዲያል ብቻ ከተገኘ ቦታቸው ከኋላ ነው።

ስለ ካላማዳሪ፣ ስለ ዕድሜና ስለ እስኮርታ

ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ የሚፈልገው በውስጥ በኩል ጎማውን በቦታው የሚይዝ ጉብታ ያለበትን ቸርኬ ነው። ብዙዎቹ የቀድሞ ቸርኬዎች ይህ ጉብታ ስለሌላቸው፣ በኩርባ ላይ ጎማው ከከንፈሩ ተላቆ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በእነዚህ ላይ ካላማዳሪ ማስገባት ግድ ነው፤ ካላማዳሪውም ለራዲያል የተሠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ በጎማው መለጠጥና መሰብሰብ ተፈትጎ ይበሳል።

የጎማው ዕድሜም በጥርሱ ብቻ አይታወቅም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ጎን ላይ የሚገኙት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚለው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ጎማው ባለፈው መቶ ዓመት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር መጣል ይገባዋል። ለቮልስ የሚሆን ልክ ብርቅ በመሆኑ በመጋዘን የከረመ ጎማ እንደ አዲስ የሚሸጥበት አጋጣሚ አለና፣ ይህን ሳያነብ የሚያስገባ ጎሚስታ ሥራውን በግማሽ ሠርቷል።

እስኮርታው በፊት ኮፈን ሥር ዘንበል ብሎ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰፊ ጎማ አይገባበትም። በብዙ ሞዴሎች የፊት መስተዋት ማጠቢያው ውኃም የሚገፋው በእስኮርታው ነፋስ ነው። ስለዚህ አራቱ ጎማ ሰፊ፣ አምስተኛው ጠባብ የሆነበት መኪና በችግር ቀን በሁለት ልክ ለመሄድ ይገደዳል።

የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ የተወሳሰበ አይደለም። በፋብሪካው 4 ወይም 4½ ኢንች ቸርኬ ላይ 165 R 15 ወይም 165/80 R 15 ራዲያል፣ ከፊትና ከኋላ የተለያየ ነፋስ ተሞልቶለት፣ ለዚህ መኪና ከሁሉ የሚስማማው ነው። ይህ ልክ ዛሬም ይሠራል። እርሱ ባይገኝ ባለ 155ቱ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቁመቱ 635 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በ3 በመቶ ወሰን ውስጥ ይገኛል። ባለቤቱ ሰፊ ጎማ የግድ ከፈለገ ቸርኬውም፣ የመሐል ልኩም፣ ብሎኑም፣ እስኮርታውም አብረው እንዲለወጡ ይገባል፤ ጎማውን ብቻ ለውጦ የቀረውን እንዳለ መተው ምርጫ ሊባል አይችልም።

«በዚህ ዓይነት ጎማ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰማል። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ በከተማ ውስጥ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ብዙ ስሕተት ይቅር ይላል። ነገር ግን ያው መኪና አንድ ቀን ቤተሰብ አሳፍሮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዙት የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አራት የጎማ ቁራጮች ናቸው። ያለፉት ዓመታት ያለ አደጋ ማለፋቸው ጎማው ልክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ገና አለመፈተኑን እንጂ።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ወደ ባለሙያ የመጣውም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ በየጋራዡ አንድ ሜትር፣ አንድ ትክክለኛ የነፋስ መለኪያና ይህን ስሌት የያዘ አንድ ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢገኝ ወጪው ኢምንት ነው። ከዚያም በላይ የሚያስፈልገው «አይሆንም» ለማለት የሚያስችል ድፍረት ነው። ገበያ በጠበበበት ዘመን ይህን ቃል መናገር አንድ ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል። ይሁን እንጂ የሙያ ክብር የሚለካው ደንበኛው በረካበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ ደንበኛው በሰላም ቤቱ በገባበት ሰዓት ጭምር ነው።